ከጎማ ሥር የሚጓዘው ሻጋታ፦ የፖርት ኦርፎርድ ሴዳርና የሚዘጉት የደን መንገዶች

በደቡብ ምዕራብ ኦሪገንና በሰሜን ምዕራብ ካሊፎርኒያ ተራሮች በፎር ባይ ፎር መዞር የሚወድ ሰው አንድ የሚያበሽቀው ነገር አለ። ዝናቡ ሲጀምር የብረት በር ይዘጋበታል። ማስታወቂያው “ዛፍ ለመጠበቅ ነው” ይላል። ሰውየው ከበሩ ወዲያ ያለውን ደን ያያል። አረንጓዴ ነው፤ ምንም አልሆነም። መኪናውን አዙሮ በሌላ ክፍት መንገድ ሲነዳ ደግሞ ዳር ለዳር የቆሙ ግራጫ፣ ደረቅ ግንዶች ይቀበሉታል። “ታዲያ ምኑን ነው የሚጠብቁት?” ቢል አይፈረድበትም። የሞቱት ዛፎች ያሉበት መንገድ ክፍት ነው፤ ጤነኞቹ ያሉበት ዝግ ነው። የተገለበጠ ሥራ ይመስላል።

አልተገለበጠም። የጉዳዩ ቁልፍ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። የሚጠበቀው ዛፍ ፖርት ኦርፎርድ ሴዳር ነው፤ የሚገድለው በጭቃ የሚጓዝ ሻጋታ ነው። ይህ በሽታ አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ በር የሚዘጋው ገና ላልገባበት ቦታ ነው። የገባበትን መዝጋት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ችግሩ፣ ላልደረሰ ጉዳት የሚከፈል ዋጋ ለማንም አይታየውም። የነጂዎቹና የደን ጠባቂዎቹ ጠብ ለአሥርተ ዓመታት ያልበረደው በዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዛፉ

ፖርት ኦርፎርድ ሴዳር ከጥድ ወገን ነው። ስሙ የመጣው በኦሪገን ባሕር ዳርቻ ካለችው ትንሽ ከተማ ነው። በተፈጥሮው የሚበቅለው በዚያች ጠባብ አካባቢ ብቻ ነው፤ በባሕር ዳርቻውና በክላማዝና ሲስኪዩ ተራሮች። በአትክልተኞች እጅ ግን ዓለምን ዞሯል። አውሮፓ ውስጥ በጌጥ አጥርነት ተተክሎ የሚታየው “ሎውሰን ሳይፕረስ” ይኸው ዛፍ ነው።

በአገሩ ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከ500 ዓመት በላይ የቆሙ አሉ። እንጨቱ ነጣ ያለ ነው፤ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል፤ ብስባሴ በቀላሉ አይደፍረውም። የቀስት ዘንግ የሚሠሩ ሰዎች ይመርጡታል። ጃፓኖች ሂኖኪ ለሚሉት የራሳቸው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ለቤትና ለቤተ መቅደስ ግንባታ በውድ ዋጋ ሲገዙት ኖረዋል። በአካባቢው የሚኖሩት የዩሮክ፣ የካሩክና የሁፓ ሕዝቦች ደግሞ ለሥርዓታቸው የሚሠሯቸው ቤቶች እንጨት አድርገው ይጠቀሙበታል።

እንጨቱ ይቆየን። ለዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ዛፉ ወንዝ ዳር ምን እንደሚሠራ ነው። በእነዚያ ተራሮች ብዙው ድንጋይ ሰርፐንታይን የሚባለው ነው። ከሱ የሚወጣው አፈር ማግኒዥየምና ኒኬል የበዛበት፣ ካልሲየም የጎደለው ነው። አብዛኛው ዛፍ አይወደውም። ዳገቱ ራቁቱን የቀረ፣ ቀላ ያለ፣ እዚህም እዚያም ቁጥቋጦ ጣል ጣል ያለበት ነው። ሴዳሩ ግን ሥሩ ውሃ ካገኘ እዚያም ይበቅላል። ቅጠሉ ካልሲየም ያከማቻል፤ ሲረግፍ ለአፈሩ ይመልሳል። በብዙዎቹ ጅረቶች ዳር ትልቅ ጥላ የሚጥል ዛፍ ከሱ በቀር የለም ማለት ይቻላል። እሱ ሲሞት ውሃው በፀሐይ ይሞቃል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈልጉት ሳልሞንና ትራውትም አብረው ይቸገራሉ።

በሽታው

ገዳዩ ፋይቶፍቶራ ላተራሊስ ይባላል። ሰው ፈንገስ ይለዋል፤ በትክክል ግን የውሃ ሻጋታ ከሚባሉት ነው። በ1840ዎቹ አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው የድንች ምች የቅርብ ዘመዱ ነው። መጀመሪያ የታየው በ1923 ሲያትል አካባቢ በአንድ የችግኝ ጣቢያ ነው። ሴዳሩ በተፈጥሮ ከሚበቅልበት ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃል። እንግዲህ በሽታው ደኑን ያገኘው ችግኝ ተከትሎ ነው ማለት ነው። በ1942 ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። በ1952 ኦሪገን ውስጥ ኩስ ካውንቲ ላይ የዛፉን የተፈጥሮ ክልል ረገጠ። በ1980 ካሊፎርኒያ ገባ። የትውልድ አገሩ ለረጅም ጊዜ አይታወቅም ነበር። በ2008 ተመራማሪዎች ታይዋን ውስጥ የሴዳሩ ዘመድ በሆነ ዛፍ ጥንታዊ ደን አገኙት።

አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የበሩ ክርክር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ሻጋታው የሚራባው በስፖር ነው፤ ስፖር በዓይን የማትታይ የሻጋታ ዘር ናት። እዚህ የሚያሳስቡን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዋናተኛ ነው። በእርጥብ አፈርና በወራጅ ውሃ ውስጥ በሁለት ቀጫጭን ጭራዎች እየቀዘፈ የሴዳርን ለስላሳ የሥር ጫፍ ይፈልጋል። ካገኘ ይለጠፍበትና ይገባል። ሁለተኛው ቅርፊተ ጠንካራ ነው። በሞተ ሥርና በብስባሽ ውስጥ ተኝቶ ለዓመታት ይቆያል። የመኪና ጎማ የሚያጓጉዘው በዋናነት ይህንን ነው። ጭቃው ውስጥ ካለች አንዲት የሥር ስባሪ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል።

ዛፉ ውስጥ ከገባ በኋላ ከሥር ወደ ግንድ በቅርፊቱ ስር እየበላ ይወጣል። ችግኝ ከሆነ በሳምንታት ያልቃል። ትልቅ ዛፍ ከዓመት እስከ ጥቂት ዓመታት ይቆያል። መጀመሪያ የቅጠሉ ቀለም ደብዘዝ ይላል፤ ይቀጥልና ቢጫ፣ ከዚያ ነሐስ፣ በመጨረሻም ቡናማ ይሆናል። መንስኤው ይኸው መሆኑን ማረጋገጥ የሚፈልግ ባለሙያ ከግንዱ ግርጌ፣ ከአፈሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ቅርፊቱን በስለት ይልጠዋል። ጤነኛ ከሆነ ከሥር ያለው ክሬም ቀለም ነው። ከታመመ የቀረፋ ቀለም ይወጣል። ሁለቱን የሚለየው መስመር ቁልጭ ያለ ነው፤ ላይኛው ነጭ፣ ታችኛው ቀረፋ። ዛፉ አናቱ ላይ ገና አረንጓዴ እያለ እንኳ ይህ መስመር ተሠርቶ ሊገኝ ይችላል።

ሻጋታው በአመዛኙ የውሃና የአፈር ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል። በሞቃቱና በደረቁ በጋ ይዳከማል። በራሱ አቅም ዳገት መውጣትም ይቸግረዋል። ከመንገድ በላይ ያለ ሴዳር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከመንገድ በታች፣ በተለይ የመንገዱ ፍሳሽ የሚገባበት ጅረት ዳር ያለው ያልቃል። የሞተውን ዛፍ መስመር ሽቅብ የተከተለ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን መንገድ ላይ ያገኘዋል።

ማን አጓጓዘው?

ወራጅ ውሃ በሽታውን ወደ ታች ይወስዳል። ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው ጋራውን ሊያሻግረው ግን አይችልም። ማን አሻገረው የሚለውን በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በጥሩ ዘዴ መርምሮታል። ተመራማሪዎቹ ሲስኪዩ ተራሮች ውስጥ 37 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቦታ ያዙ። የሞቱትን ሴዳሮች የዕድገት ቀለበት እየቆጠሩ እያንዳንዱ ዛፍ የሞተበትን ዓመት አወጡ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው በሽታው የቱ ጅረት ላይ መቼ፣ በየት በኩል እንደደረሰ ካርታ ላይ አስቀመጡ። አዲስ ቦታ ከተያዘባቸው አጋጣሚዎች አብዛኞቹ መንገድ ጅረትን ከሚያቋርጥበት ቦታ የጀመሩ ሆኑ። ተሽከርካሪ ነው ማለት ነው። የቀሩት የእግር ናቸው፤ የሰውም የእንስሳም።

ይህ ውጤት ለሁለቱም ወገን የሚጎረብጥ ነው። “መኪና ምን አደረገ፣ ኤልክ አጋዘን ሰኮናው ላይ ጭቃ አይዝም ወይ?” የሚሉት ነጂዎች እውነት አላቸው። ይይዛል። ግን ኤልኩ የያዘው ጭቃ ጥቂት ነው፤ ብዙም ሳይርቅ ያራግፈዋል። ፒክአፕ በጎማው ጎድጓዳ፣ በጭቃ መከላከያውና ከሆዱ ሥር ባሉት ብረቶች ላይ ባልዲ ሙሉ አፈር ተሸክሞ በአንድ ቀን ሦስት ተፋሰስ ይረግጣል። መኪናውን ብቻ ዘግተው ተገላገልን የሚሉትም ልክ አይደሉም። የእግረኛ ጫማም፣ የከብት ሰኮናም አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለረጅም ጊዜ ዋናው አጓጓዥ የመዝናኛ መኪና አልነበረም። የግንድ መኪናውና መንገድ የሚቆርጠው ቡልዶዘር ነበሩ። መንገዶቹ ራሳቸው አብዛኞቹ ለእንጨት ሥራ የተከፈቱ ናቸው። የእንጨቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ መንገዶቹ ቀሩ። በእነሱ ላይ ጂፕ፣ ሞተርና ባለ አራት ጎማ ሞተር መጣ። ስለዚህ የዛሬ ነጂ “እኛ ነን እንዴ ያመጣነው?” ሲል ቅሬታው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ግን ሻጋታው ማን እንደጀመረ አይጠይቅም፤ የሚቀጥለው ጎማ ይበቃዋል።

ሕጉ

የአሜሪካ የደን አገልግሎትና የመሬት አስተዳደር ቢሮ በዚህ አካባቢ የፌዴራል መሬት ያስተዳድራሉ። መሬቱ የሕዝብ ነው። መግባት መብት ነው የሚለው ስሜትም ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ በሕዝብ መሬት ላይ ከመንገድ ውጪ መንዳት ልጓም ከገባበት ቆይቷል። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ባወጡት ትዕዛዝ መሥሪያ ቤቶች በአፈር፣ በተፋሰስና በዕፅዋት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንዲቀንሱ አዘዋል። በ1977 ካርተር አጠበቁት፤ ከፍተኛ ጉዳት እየደረሰ ከሆነ ቦታው ወዲያው እንዲዘጋ። በ1999 ክሊንተን በመጤ ወራሪ ዝርያዎች ላይ ሌላ ትዕዛዝ ጨመሩ። በ2005 ደግሞ የደን አገልግሎት እያንዳንዱ ደን ለሞተር ተሽከርካሪ የተፈቀደውን መንገድ በካርታ እንዲያወጣ ደነገገ። ካርታው ላይ ከሌለ አይነዳም።

ለሴዳሩ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከፍርድ ቤት ነው። የመሬት አስተዳደር ቢሮ የኩስ ቤይ ወረዳን ዕቅድ ሲያወጣ በሽታውን በቅጡ ሳይመረምር አለፈው። “ዝርዝሩን እያንዳንዱ ሥራ ሲደርስ እናየዋለን” የሚል መንፈስ ነበረው። ጉዳዩ ክስ ሆነ። በ2002 የ9ኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ አይሆንም አለ። በሽታው እንደሚዛመት በዕቅዱ ጊዜ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ የተጠራቀመው ጉዳት ሁሉ ያኔውኑ መመርመር አለበት፤ ለኋላ ማስተላለፍ አይቻልም። እኔ ይህን ፍርድ የምወደው ስለ ዛፉ ብቻ አይደለም። ቁርጥራጭ ውሳኔዎች እያንዳንዳቸው ትንሽ ሆነው አንድ ላይ ደኑን እንዴት እንደሚጨርሱ የገባው ፍርድ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ብትመለከት ጉዳቱ ኢምንት ነው። ሁሉም መንገድ ግን “አንድ መንገድ ብቻ” ነው።

ከፍርዱ በኋላ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አብረው ጥናት ሠርተው በ2004 ለደቡብ ምዕራብ ኦሪገን ውሳኔ አወጡ። ከውሳኔው የሚጠቅመው ነገር የአደጋ መመዘኛ ጥያቄዎች ናቸው። በአካባቢው ወይም ከሥሩ ባለው ተፋሰስ ጤነኛና ጠቃሚ ሴዳር አለ? የታሰበው ሥራ ቀድሞ ካለው በላይ ጉልህ አደጋ ይጨምራል? ሁለቱም አዎ ከሆኑ መከላከያ ግድ ነው። አይደለም ከሆነ በከንቱ ማንንም አታስቸግር። መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ግራ የሚያጋባ ነገር የመጣው ከዚህ አስተሳሰብ ነው።

በሩ፣ ቧንቧውና በረኪናው

መከላከያዎቹ ብዙዎቹ ተራ ነገሮች ናቸው። ዋናው የወቅት መዝጊያ ነው። ብዙውን ጊዜ ከኦክቶበር እስከ ሜይ ባሉት እርጥብ ወራት በሩ ይዘጋል፤ ሲደርቅ ይከፈታል። በደረቅ መንገድ ላይ ጎማ ጭቃ አይዝም፤ ሻጋታውም በሙቀቱ ደክሟል። እንደኔ ከሁሉም የተሻለው መፍትሔ ይህ ነው። ሰውን ለዘለዓለም አያባርርም። በበጋ ና ነው የሚለው። ቅር የሚለው በጭቃ መንዳት ራሱ ደስታው የሆነ ሰው ነው። እሱን ማስደሰት ደግሞ አይቻልም፤ የሚፈልገው ነገርና በሽታው የሚፈልገው ነገር አንድ ነው።

ሁለተኛው ማጠብ ነው። እንዲሁ ውሃ መርጨት አይደለም። መጀመሪያ የተጋገረው አፈር በአካፋ ወይም በብሩሽ ይራገፋል። ከዚያ ኃይለኛ ግፊት ባለው ውሃ ጎማው፣ የጎማው ጎድጓዳና የሆዱ ብረቶች ይታጠባሉ። የታጠበበት ውሃ ወደ ጅረት መውረድ የለበትም፤ አለበለዚያ ራሱ ማጠቢያው የበሽታ ምንጭ ይሆናል። ስለ ሥራ ቅደም ተከተልም ደንብ አለ። ማሽን በመጀመሪያ ንጹሕ ተፋሰስ ውስጥ ሠርቶ ከዚያ ወደ ታመመው ይሄዳል እንጂ በተቃራኒው አይደለም። ይህ ምንም ወጪ የለውም። ሰው የሚረሳውም እሱኑ ነው። ማጠብ የተፈተነ ነገር ነው፤ የሚጓጓዘውን ስፖር በጣም ይቀንሳል፣ ግን ጨርሶ አያጠፋም።

ሦስተኛው ለሰሚው ይከብዳል፤ ሴዳሩን ለማዳን ሴዳር ይቆረጣል። ከመንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሴዳሮች ይወገዳሉ። ሻጋታው የሚባዛው ሕይወት ባለው የሴዳር ሥር ላይ ነው። መንገድ ዳር ሥር ካላገኘ ከጎማ የወደቀው ጭቃ የሚተክለው ነገር የለውም፤ ቀስ በቀስ ይሞታል። ቆራጭ መጥቶ “ለመከላከል ነው” ሲል ማንም ሰው ይጠራጠራል፣ በተለይ እንጨቱ ውድ ሲሆን። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሳይንሱም ትክክል ነው። ሁለቱን አብሮ መያዝ ነው።

የእሳት ነገር ለብቻው ይነሳ። በ2002 ቢስከት የተባለው ቃጠሎ በዚያው አካባቢ ወደ 500,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት፣ ማለትም 200,000 ሄክታር ገደማ አዳረሰ። እሳት አጥፊ ቦቴ ውሃ የሚቀዳው ከቅርብ ወንዝ ነው። ወንዙ የታመመ ከሆነ ቦቴው ስፖሩን ጋራ ላይ ወስዶ ይረጨዋል፤ በራሱ ሊደርስበት የማይችለው ቦታ ላይ። ስለዚህ በቦቴው ውሃ ላይ በልክ በረኪና ይጨመራል፤ የተራ ቤት በረኪና ስፖሩን ይገድላል። ዓሣም ይገድላል። በመሆኑም መጠኑና የሚፈስበት ቦታ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ነጂዎቹ የሚሉት

ከክርክሮቻቸው የሚያስቸግረኝ “በሩ አይሠራም” የሚለው ነው። ከፊሉ እውነት ነውና። ገደልና ጥቅጥቅ ያለ ደን ባለበት በር በር ነው። በተራቆተው የሰርፐንታይን ዳገት ላይ ግን ባለ አራት ጎማ ሞተር በሩን ዞሮ ለማለፍ ደቂቃ አይፈጅበትም። ካለፈ በኋላ የሠራውን አዲስ ፈር ቀጣዩ ይከተለዋል። ከበፊቱ የባሰ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ ጠጠር ነበረው፣ አዲሱ ፈር ባዶ አፈር ነው። በር ያለ ቦታው ከተተከለ ሕግ አክባሪውን ብቻ ነው የሚያስቀረው። የቦታ ምርጫው ከብረቱ ይበልጣል። በተለይ ማለፊያ የሌለው ጠባብ አንገት ወይም ድልድይ ላይ ሲሆን ነው የሚያዋጣው። አንዳንዱ መንገድ ደግሞ በበር ሳይሆን ጠጠር በማፍሰስ፣ የውሃ ቦዩን በማስተካከልና ጅረት ማቋረጫውን በድልድይ በመተካት ይሻላል። ውድ ነው። ግን መኪናውንም ዛፉንም ያስኬዳል።

ጉዳዩ የሚከርረው መንገዱ ራሱ ተወዳጅ ሲሆን ነው። ከኦሪገን ተነስቶ የስሚዝ ወንዝን የሰሜን ክንፍ አካባቢ አቋርጦ ካሊፎርኒያ የሚዘልቀው የማክግሩ መንገድ በፎር ባይ ፎር ሰዎች ዘንድ ስሙ የገነነ ነው። ድንጋያማና አስቸጋሪ በመሆኑ ነው የሚወዱት። ኮንግረስ በ1990 የስሚዝ ወንዝ ብሔራዊ የመዝናኛ ስፍራን ሲያቋቁም ወንዙንም መዝናናቱንም አብሮ ነው የፈለገው። ጠባቂዎቹ ሁለቱን ማስታረቅ የዕለት ተዕለት ሥራቸው ሆኗል። እንዲህ ያለውን መንገድ ጨርሶ መዝጋት ፍልሚያ ይጋብዛል። ዓመቱን ሙሉ መክፈት ደግሞ ወንዙን በቁማር ማስያዝ ነው። ስለዚህ የወቅቱ በር፣ ከነድክመቱ፣ ከሁለቱም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ተቋቋሚው ዘር

ጥሩ ዜናው እዚህ ነው። ሁሉም በሞተበት ጅረት ዳር አንዳንዴ አንድ ሴዳር አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ዕድል ሊሆን ይችላል። ዘሩም ሊሆን ይችላል። የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲና በኮቴጅ ግሮቭ የሚገኘው የዶሪና የዘረመል ማዕከል እንዲህ ካሉ ዛፎች ቅርንጫፍና ዘር እየሰበሰቡ ለዓመታት ፈተኑ። ችግኙን ዋናተኛ ስፖር ባለበት ውሃ ውስጥ ሥሩን ይነክሩታል። አብዛኛው ይሞታል። ጥቂቱ ይተርፋል። የተረፈው ከተረፈው ይዳቀላል። ሴዳሩ ደግሞ በዚህ ታዛዥ ነው። በዕድገት ሆርሞን ከተገፋ ገና ጥቂት ዓመት ሳይሞላው በሳጥን ውስጥ እንዳለ ፍሬ ይይዛል። ስለዚህ ሥራው ከተለመደው የዛፍ ማዳቀል በጣም ፈጠነ። ዛሬ ለየከፍታውና ለየአካባቢው የተዘጋጀ ተቋቋሚ ዘር አለ፤ በቃጠሎ በወደመው መሬትም ይተከላል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዛፉን የአደጋ ደረጃ ከ“ተጋላጭ” ቀለል ወዳለው “ለአደጋ የተቃረበ” ዝቅ ሲያደርገው ተስፋ የሰጠው አንዱ ነገር ይህ ሥራ ነበር።

ዜናው ሲሰማ “እንግዲያው በሩ ይከፈት” የሚል ድምፅም አብሮ ይነሳል። እዚህ ላይ አልስማማም። ተቋቋሚ ማለት የማይታመም ማለት አይደለም፤ ከተተከለው ውስጥ የሚሞት አለ። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ጅረቱን ለማጥላት አሥርተ ዓመታት ይፈልጋል። የ400 ዓመት ዛፍ ለመሆን 400 ዓመት ይፈልጋል። ከተዘጋው በር ወዲያ ያለው ጅረት ደግሞ ጥላውን አሁን ይዟል፤ በኦክቶበር ዝናብ ለሚገባ አንድ ጭቃማ ጎማ የሚሰጥ ትርፍ ዛፍ የለውም።